ውኃ ውስጥ ቆሞ የጠማው ዛፍ

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። የወተት ጥርሴ ረግፎ ሳያልቅ ባሊ ያነሳሁ ሰው፣ የሥራ ዘመን ነበረኝ ብል ነውር አይመስለኝም። ትከሻዬን ያየ ያምነኛል። ባለፈው ዐቢይ ጾም አያ ፈንቴ ዶማቸውን በቃኝ ብለው ጣራ ሥር ሲሰቅሉት የእኔም ሥራ አብሮ ተሰቀለ። አሁን እዚሁ ዳንግላ ትምህርት ቤት ትንንሾቹን ፊደል አስቆጥራለሁ። ማታ ማታ የተማርኩት ጽሕፈት እንዲህ ይታዘዝልኛል ብዬ አልጠበቅሁም። ቃሉን ስጠራው ይመጣና ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሌላውን እጠራለሁ። ስለ በዓል ወይም ስለ ገበያ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። እጄ ግን ወደ ዛፎቹ ሄደ፤ ዛፎቹ ደግሞ ብዙ የሚያስቅ ነገር የላቸውም።

እኛ ከወደ ቡሬ የመጣን ነን። አባቴ ሲሞት እናቴ ለሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችኝ። አያ ፈንቴ ጎረቤታችን ናቸው፤ ትውልዳቸው አገው፣ ከአዘና በታች። በከተማው ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አጥሩን የሚያስከረክመው፣ አበባውንና ዛፉን የሚያስተክለው በእሳቸው ነበር። አንድ ቀን እናቴን "ይህች ልጅ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋ አይፈስም፤ ስጭኝ" አሏት። ሰጠቻቸው። የማገኘው ትንሽ ገንዘብ በቀጥታ ወደ እናቴ መቀነት ይገባል፤ ለእኔ የሚደርሰኝ ሙያው ነበር።

ስሜ እንጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ቀን አያ ፈንቴ ወደ ላይ ወደ ታች አይተውኝ "እንጉዳይ ያለበት እርጥበት አይጠፋም፤ ውኃ ማጠጣት ላንች ነው" አሉኝ። ይህን ቀልድ ለስምንት ዓመት ያህል፣ አዲስ ሰው ባገኙ ቁጥር፣ እንደ አዲስ ተናገሩት።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ሰው ቤት የሚገቡት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከባለቤቱ በፊት ሰላም የሚሉትም ዛፉን ነው። "ቀትር ላይ ያጎነበሰ ዛፍ አይፈረድበትም፤ ሰውም ቀትር ላይ ያጎነብሳል። ሌሊቱን አርፎ ጠዋት ቀና ያላለ ግን አንድ ነገር ሆኗል" ይላሉ። ከዚያ ከቀበቷቸው ውስጥ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥቅ ይመዛሉ። ከግንዱ ራቅ ብለው ቀስ እያሉ እስከ ክንዳቸው ርዝመት መሬት ውስጥ ያስገቡታል። እዚያው ትተውት ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ፤ ስለ ዱባ፣ ስለ ፍየል። በኋላ ያወጡትና ጫፉን ታችኛው ከንፈራቸው ላይ ያሳርፉታል።

"ለምን በእጅዎ አይነኩትም?" ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ጊዜ።

"እጅ ይዋሻል። የሠራ እጅ ደርቋል፤ ሁሉም ነገር እርጥብ ይመስለዋል። ከንፈር ግን እንደ ሕፃን ነው።"

ቀጥሎ ያሸቱታል። ደህና አፈር ዝናብ ዝናብ ይላል። ውኃ የተኛበት አፈር የከረመ እጣቢ ይሸታል። ቅጠሉንም እንዲሁ ለይተው አሳዩኝ። የጠማው ቅጠል ከጫፉ ይጀምርና ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፤ ስትጨብጭው ይንኮሻኮሻል። ውኃ የበዛበት ከታችኛው ቅርንጫፍ ይጀምርና ቢጫ ይሆናል፤ ለስላሳ እንደሆነ፣ ገና ጣትሽ ሲነካው ይወድቃል። ውርጭ የመታው ደግሞ ከላይ ነው የሚጠቁር። ይህን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝኩት።

ውርጩን ያየሁት እንጅባራ ነው። የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር ውስጥ አጥር የሚሆን የፈረንጅ ጽድ ልንተክል በክረምት ሄደን እስከ ታኅሣሥ ውርጭ ድረስ ቆይተናል። አለቃችን አቶ ካሳ የሚባሉ ረጅም፣ ደግ፣ ግን ሰዓት አምላኪ ሰው ነበሩ። ማታ ማታ ችግኙ ሁሉ ውኃ ይጠጣ ብለው አዘዋል፤ ትእዛዙ ደግሞ ክረምት አያውቅም። ዝናቡ እንደ ገመድ እየወረደ እኔ ጆንያ ተከናንቤ ችግኝ አጠጣ ነበር።

"አቶ ካሳ፣ ዝናብ ነው እኮ" አሏቸው አያ ፈንቴ።

"የዝናቡ አለቃ እኔ አይደለሁም። እኔ የባሊው ነኝ" አሉ አቶ ካሳ።

በማግስቱ ግን ራሳቸው በዣንጥላ መጡ። እኔን ከነጆንያዬ ሲያዩኝ ሳቅ አፈናቸው፤ "በቃ፣ ከእግዚአብሔር ጋር አልፎካከርም" ብለው ባሊውን ወሰዱት። አለቃ ሲስቅ ሥራ እንደሚቀል ያወቅሁት እዚያ ነው።

ጫግኒ ሌላ ነው። ቆላ ነው፣ ይሞቃል። አንድ ነጋዴ ቤት ደጃፍ የድሬዳዋ ዛፍ የሚሉት ባለ ቀይ አበባ ችግኝ ይደርቃል ተብሎ በእህል ጭነት መኪና ላይ ተቀምጠን ወረድን። የነጋዴው ሚስት በየቀኑ ጠዋትና ማታ በኩባያ ትረጨዋለች፤ አፈሩ ላዩ እርጥብ ነው። እሷም "ከዚህ በላይ ምን ላድርገው? ከልጆቼ በላይ ነው የሚጠጣው" ትላለች። አያ ፈንቴ ቀርከሃቸውን ከተቱ፤ ከጣት ርዝመት በታች የሚወጣው ዱቄት ነበር።

"እመቤት፣ ምላሱን ነው ያራሱለት፤ ሆዱ ባዶ ነው" አሏት።

የተጣለ ጣሳ ፈልገን ታችውን በምስማር በሳን፤ ከግንዱ ፈንጠር አድርገን አስቀምጠን ሞላነው። ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ብዙ ቀን ተውነው፣ ከዚያ እንደገና ሞላነው። እየቆየ፣ ግን እስከ ሥሩ። ወሩ ሳያልቅ አቆጠቆጠ። ነጋዴው አንድ ኩንታል በቆሎ አሸከመን፤ እኔም ሙያዬን የጨረስኩ መስሎኝ ወደ ደጋ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ያጎነበሰ ዛፍ ሁሉ የተጠማ ይመስለኝ ጀመር።

አሁን ወደ እሜቴ የሺ ዛፍ ልምጣ። ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት ሳልፈልገው ነው።

እሜቴ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ ከዳንግላ ገበያ ከፍ ብሎ ይኖራሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው። አዱኛ ይባላል፣ ወታደር ነው፣ ሩቅ ጠረፍ። ሰኔ ላይ ለፈቃድ ሲመጣ ከአዲስ አበባ በጣሳ ጃካራንዳ ይዞ መጣና ደጃፋቸው ላይ ራሱ ቆፍሮ ተከለው። "እማ፣ ሲያብብ ሐምራዊ ነው። ቅጠል አይታይበትም፤ አበባ ብቻ" ብሏቸው ተመለሰ። ክረምቱን ዛፉ ላባ የመሰለ ቅጠሉን እያወጣ ቁመቴን አለፈ።

ኅዳር ሲገባ አዱኛ መሞቱ ተሰማ። የተሰማው ለእናቱ አይደለም። ወንድማቸው አቶ ባየ ናቸው ቀድመው የሰሙት። መርዶ መቼም እንዲሁ በመንገድ አይነገርም፤ ቀን ይመረጥለታል፣ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዞ ይገባል። አቶ ባየ ዘመድ ሰብስበው "እህሉ ገና አውድማ ላይ ነው። ለለቅሶ የሚመጣውን ሰው በባዶ ቤት ልትቀበለው ነው? ሳሉም አልለቀቃትም። ጥምቀት ይለፍና እንነግራታለን" አሉ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰፈር በሙሉ አፉን ያዘ። እናቴም፣ እኔም።

እሜቴ የሺ እሑድ እሑድ በቅል ጠበል ይዘው ይመጣሉ። ጠጥተው የተረፈውን ጠበል ሰው በማይረግጠው ቦታ ማፍሰስ ነው፤ እሳቸው ዛፉ ሥር ያፈሱታል። "አዱኛ ሩቅ ነው፤ ይሄ ይጠጣለት" ይሉ ነበር።

አንድ ማለዳ አቶ ባየ እኛ ዘንድ መጡ። ሳይቀመጡ ነው የተናገሩት።

"ፈንቴ፣ ዛፉ አጎነበሰ። እሷ ደግሞ ዛፉ ሲከፋው ልጄ ከፍቶታል ማለት ጀምራለች። እኛ ሳንነግራት ዛፉ እንዳይነግራት። እስከ ጥምቀት ብቻ አቆይልኝ።"

"ዛፍ በቀጠሮ አይቆይም፣ አቶ ባየ።"

"አውቃለሁ። አቆይልኝ ብቻ።"

በማግስቱ ሳይነጋ ሄድን። ጃካራንዳው አንገቱን እንደደፋ ሰው ቆሟል። ዝናብ ከቆመ ቆይቷል፤ መሬቱ ላዩ ተሰነጣጥቋል። እኔ ከአያ ፈንቴ ቀድሜ "ተጠምቷል" አልኩ፣ ጫግኒን እያሰብኩ።

"ቆይ" አሉኝ። ታችኛውን ቅርንጫፍ በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት። ቢጫ ቅጠል እጃቸው ላይ ረገፈ፤ ለስላሳ ነው። ቀርከሃውን ከተቱ፤ ስለ ምንም አላወሩም። ሲያወጡት ከንፈራቸው ሳይደርስ ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። የከረመ እጣቢ።

"የጠማውና የሰጠመው ፊታቸው አንድ ነው" አሉኝ። "ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይታፈናል፤ የታፈነ ሥር አይጠጣም። ይሄ ዛፍ ውኃ ውስጥ ቆሞ እየጠማው ነው።"

ከጎኑ ጉድጓድ ቆፈሩ። ላዩ ቀይ አፈር ነው፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ ዋልካ ሆነ፣ ዶማው የነካው ቦታ ሁሉ ልስን መሰለ። አዱኛ የዛፉን ጉድጓድ በወታደር ጉልበት ዋልካው ውስጥ አሳምሮ፣ ግድግዳውን አለስልሶ ቆፍሮት ነበር። እንስራ ሠርቶ ዛፉን እንስራ ውስጥ እንደተከለው ማለት ነው። በአዲሱ ጉድጓድ ውስጥ ውኃ ጨመርን፤ በማግስቱ ስንመጣ ውኃው እንዳለ ሰማይ እያየ ተኝቷል።

ግን አንድ ቅል ጠበል በሳምንት ይህን ያህል አያደርስም። አያ ፈንቴ ግራ ገባቸው። እኔን "ለእሜቴ ጥጥ ትፈትልላቸዋለች" ብለው እዚያው አስቀመጡኝ፤ ውኃው ከየት እንደሚመጣ እንዳይ ነው። ቀን ደጃፍ ተቀምጬ እፈትላለሁ፣ እዚያው አድራለሁ።

ያየሁት ይህን ነው። ጎረቤት ይመጣል። "እንዴት አደሩ እሜቴ?" ይላል። "እግዜር ይመስገን። ከአዱኛ ወሬ ሰማችሁ?" ይላሉ እሳቸው። የመጣው ሰው ይደነግጣል። ማልቀስ አይችልም፤ ደህና ነው ማለትም አይችልም። ዓይኑ ይንከራተታል፣ ከዚያ ዛፉ ላይ ያርፋል። "ውይ፣ ዛፉ ጠምቶታል" ይልና ማሰሮውን ያነሳል። ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ያፈሳል። ሲመለስ ፊቱን አስተካክሏል። እሱ ሲሄድ ሌላው ይመጣል። የእኔም እናት መጥታ አፈሰሰች፤ እያየኋት።

ይህን ለአያ ፈንቴ ስነግራቸው ቀርከሃቸውን ቀበቷቸው ውስጥ መለሱ። "ሰው እንባውን የሚጥልበት አጣ" አሉ።

መጀመሪያ ወደ እሜቴ የሺ ሄዱ። እሳቸውና አያ ፈንቴ ተራ ነገር በአማርኛ ያወራሉ፤ ነገሩ ሲከር አገውኛ ይሆናል። ያን ቀን በአማርኛ ተጀመረ።

"እሜቴ፣ ዛፉ ውኃ በዝቶበታል። ለጥቂት ጊዜ ይተዉት።"

"እኔ ያጠጣሁት ጠበል ነው። ጠበል ይገድላል ትለኛለህ?"

"እኔ ስለ ጠበሉ አልተናገርኩም። ጉድጓዱ አያሳልፍም።"

"ጉድጓዱን ልጄ ነው የቆፈረው።"

ከዚያ በኋላ ያለው አገውኛ ነበር፤ ግማሹን ነው የሰማሁት። የአዱኛን ስም ደጋግሜ ሰማሁ። ሲያበቁ እሜቴ የሺ ጠበሉን ራቅ አድርገው፣ አጥሩ ሥር ሊያፈሱት ተስማምተው ነበር። አያ ፈንቴ ከዛፉ ሥር ወደ ታች ቦይ ቆፈሩ፤ የታሰረው ውኃ ቡናማ ሆኖ ቀስ እያለ ወጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ዛፉ ጠዋት ጠዋት ቀና ማለት ጀመረ። እኔ ደስ ብሎኝ ፈተልኩ።

ሰዎቹ ግን አልቆሙም። አያ ፈንቴ አቶ ባየን "ጎረቤቱን ይከልክሉልኝ" አሏቸው። አቶ ባየ ከለከሉ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ዘመዳቸው መጣች፤ ስለ አዱኛ ስትጠየቅ እጇን የምታደርግበት አጥታ አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አቶ ባየ ፈጥነው "ጥርሷን አሟት ነው" ብለው ይዘዋት ወጡ። ከደጅ ሲመለሱ ለአያ ፈንቴ የተናገሩትን እኔ ሰምቻለሁ።

"ተዋቸው፣ ያፍስሱ። ከሚያለቅሱ ያፍስሱ።"

"እንግዲያ ዛፉን ልንቀለውና ከፍ ባለ አፈር ላይ ልትከለው። ከሥሩ ግማሹ ነጭ ከሆነ ይድናል።"

"ሲነቀል አይታው? አይሆንም።"

አያ ፈንቴ አልተከራከሩም። ሁልጊዜ ለዛፍ ይከራከሩ ነበር። በዚህ ግን ዛፉን ቢያድኑ ሴትየዋን የሚገድሉ መስሏቸዋል።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጃካራንዳው ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ። ላዩ ላይ አንድ ለምለም ጫፍ ብቻ ቀረ። አያ ፈንቴ ጎንበስ ብለው አንድ ሥር በጣታቸው ፈልገው አወጡ። ጥቁር ነው፤ ያዝ ሲያደርጉት ልጡ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንሸራቶ እጃቸው ላይ ቀረ። መልሰው ቀበሩት። አቶ ባየ ከኋላ ቆመው ነበር።

"ቅጠሉን የሚያራግፍበት ወር ነው በላት" አሉ በሹክሹክታ።

እሜቴ የሺ ከቤት ወጡ። "ፈንቴ፣ ምነው ሁሉንም ጣለው?"

አያ ፈንቴ መሬት መሬት እያዩ "ጃካራንዳ ቅጠሉን የሚጥልበት ወር አለው፣ እሜቴ። ጥሎ ይመልሳል" አሉ።

ይህ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ወር አለው። ግን ወሩ ያ አልነበረም። እሜቴ የሺ ፊታቸው በራ፤ "እንዲያ ነው እንዴ? አዱኛ አልነገረኝም" ብለው ገቡ። ወደ ቤታችን ስንመለስ አያ ፈንቴ ቀርከሃቸውን እንደ ምርኩዝ መሬት ላይ እየጎተቱ ነበር። በሥራቸው ዋሽተው አያውቁም። አለቃን ተቆጥተው ያውቃሉ፣ ከሥራ ተባረው ያውቃሉ፤ ስለ ዛፍ ግን የሌለ ነገር ተናግረው አያውቁም።

ገና ሲቃረብ አንድ ቀትር ላይ፣ አቶ ባየ ገበያ ሄደው፣ አያ ፈንቴ ቦዩን ሊያዩ መጡ። እሜቴ የሺ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔ አጠገባቸው እፈትላለሁ።

"ፈንቴ፣ ና ተቀመጥ። በሥራህ ልጠይቅህ፤ በሥራህ መልስልኝ።"

ተቀመጡ።

"ሥሩ ያለቀ ዛፍ፣ ቅጠሉ ለምለም ሆኖ ይቆያል?"

"ይቆያል፣ እሜቴ።"

"በምን?"

"ግንዱ ውስጥ በቀረው ውኃ። እሱን እስኪጨርስ።"

"ለሚያየው ግን ደህና ይመስላል።"

"ለሚያየው ደህና ይመስላል።"

እሜቴ የሺ ዓይናቸውን ከዛፉ ሳያነሡ "ሰው ወደዚህ ቤት ሲመጣ እንዲህ ውኃ አይቀዳልኝም ነበር" አሉ። "ስለ ልጄ ስጠይቅ ሁሉም ማሰሮ ያነሳል። ደግ ሰው በዛብኝ፣ ፈንቴ። አዱኛ መቼ ነው የሞተው?"

እንዝርቴ ከእጄ ወደቀ። አያ ፈንቴ ወደ በሩ አዩ፤ ማንም የለም። መርዶ ነጋሪ አይደሉም፣ ሽማግሌ ሆነውም አልተላኩም፣ ሰዓቱም የመርዶ አይደለም። ግን አንድ ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ዋሽተዋል፤ ሁለተኛ አልቻሉም።

"ኅዳር ሳይገባ ነው አሉ፣ እሜቴ" አሉ።

እሜቴ የሺ አልጮኹም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱና ነከሱት። የደጁ ዶሮ መጥታ ሄደች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንችስ ታውቂ ነበር?"

"አዎ፣ እሜቴ።"

"ፈትይ" አሉኝ፤ እንዝርቴን አንስተው ሰጡኝ። ከዚያ ለአያ ፈንቴ "ነገርኳት እንዳትል" አሉ። "ባየ ይህን ሁሉ ጊዜ በአፉ ይዞት ከርሟል። ታናሼ ነው፤ ሆደ ቡቡ ነው። ሲነግረኝ አውቄው ቢያገኘኝ ያፍራል። እሱ ያውርደው። እኔ እጠብቀዋለሁ።"

"እሜቴ፣ እስከ ጥምቀት?"

"እናንተ ከኅዳር ጀምሮ ችላችሁት የለ?"

እሳቸውም ቻሉት። ገና አለፈ። ጎረቤት እንደ ወትሮው መጣ፤ እሳቸውም እንደ ወትሮው "ከአዱኛ ወሬ አለ?" አሉ፤ ካልጠየቁ ይነቃባቸዋልና። ሰዎቹ የሞተውን ዛፍ አጠጡ፤ እሳቸውም "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠምቶት ነበር" ብለው አመሰገኑ። አያ ፈንቴም ጠዋት ጠዋት እየመጡ የሞተውን ዛፍ ይኮተኩታሉ፤ መምጣት ቢያቆሙ አቶ ባየ ምክንያቱን ይጠይቃሉ። ጠበሉን ግን እሜቴ የሺ ከዚያ ወዲያ ደጅ አላወጡትም። ቅሉን ጨልጠው ይጠጡታል። ማታ ሰው ሲበተን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኛሉ፤ አንድም ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ነኝ እያለቀስኩ የማድረው፤ እሳቸው "አይዞሽ፣ ልጄ" ይሉኝ ነበር በጨለማ ውስጥ።

ከእነዚያ ጠዋቶች በአንዱ ነው አያ ፈንቴ መንገድ ላይ ቆም ብለው "ጾሙ ሲገባ አቆማለሁ" ያሉኝ።

"ለምን፣ አያ?"

"ሰው ዛፉ ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አሁን መልሱን ከመናገሬ በፊት የጠያቂውን ፊት አያለሁ። እንዲህ እያሉ ሥራ የለም። አንች ፊደልሽን ያዢ።"

ጥምቀት አለፈ። ታቦታቱ ገቡ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መጮህ ጀመረ። እሜቴ የሺ ነቅተው ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፤ ከዚያ አሰቡና እንደተኛ ሰው አዘበራረቁት። ሻሻቸውንም ፈታ አደረጉት። "አንች ተኝተሻል" አሉኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ግን በሽፋሽፍቴ ሥር አያለሁ።

አቶ ባየ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ ገቡ። አያ ፈንቴ በሩ ላይ ቀሩ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ይዘውታል።

"ምነው ባየ፣ በዚህ ጠዋት?" አሉ እሜቴ የሺ። ድምፃቸው የእንቅልፍ ድምፅ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ ሁሉም የእግዚአብሔር ነው፣ የሰጠንም የሚወስድም እሱ ነው ብለው ረጅሙን መንገድ ጀመሩ። አቶ ባየ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟቸው።

"እኔ ልንገራት። እኔ ነኝ የምነግራት።"

እህታቸው እግር ሥር ተንበረከኩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈቱ። እሜቴ የሺ በአንድ ቃል ሊገላግሏቸው ይችሉ ነበር፤ ባየ፣ አውቄዋለሁ ቢሏቸው በዚያች ደቂቃ ያልቅ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ወንድማቸው ራስ ላይ አሳርፈው ቁጭ አሉ።

"በል፣ ባየ" አሉ። "እየሰማሁህ ነው።"

"አዱኛ..."

"አዱኛ ምን?"

አቶ ባየ ጀመሩት፣ ተውት፣ ደግመው ጀመሩት። እሜቴ የሺ ወንድማቸው እስኪጨርሱ ድረስ ጠበቋቸው። የጮኹት ከዚያ በኋላ ነው።